የመምህሯን ቁጥር ያረመችው ሴት

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሥራዋ መጠበቅ ነበር።

ታክሲ አይደለም የምትጠብቀው። ባልም አይደለም፤ ባሏ ቤቱ አለ፣ ደህና ሰው ነው። እሷ የምትጠብቀው አንዲት ለዓይን የማትታይ ቅንጣት ከስስ ብረት ላይ ተፈናጥራ እስክትወጣ ድረስ ነው። በቀን ስንቴ ትወጣለች? አምስት ጊዜ። እድል የቀና ዕለት ስምንት ጊዜ። ሌላ ቀን ደግሞ ሁለቴ ብቻ ብቅ ትልና ታበቃለች።

ትስቃላችሁ አይደል? ሳቁ፤ እሷም ትስቅ ነበር። ዘመድ በበዓል ሲሰበሰብ የአክስቷ ልጆች «ስንዱ፣ ዘንድሮስ ስንት ደረሰልሽ?» እያሉ ያበሽቋታል። ስሟ ስንዱ ነው፤ ዶክተር ስንዱ፣ የፊዚክስ ሰው።

«ሁለት ሺህ አለፈ» ትላቸዋለች።

«በስንት ጊዜ?»

«በዓመት ከምናምን።»

«ሁለት ሺህማ ሰፈራችን ያለው ዳቦ ቤት በአንድ ጠዋት ይጋግራል!»

እሷም አብራ ትስቃለች፤ በማግስቱ ግን ተመልሳ ወደ መጠበቋ ትሄዳለች።

ለመሆኑ ምንድን ነው የምትቆጥረው? ታገሡኝና ላስረዳችሁ፤ እኔንም ያስረዱኝ ሰዎች ታግሠውኝ ነው። ፕላቲኒየም የሚባለውን ብረት ሰምታችኋል፤ የጋብቻ ቀለበት ይሠራበታል፤ በአገራችንም በምዕራቡ በኩል ከአፈር ታጥቦ ይወጣል። ከዚህ ብረት ስምንት ሺህ አቶም ብትወስዱ አንዱ ብቻ ከወንድሞቹ ይለያል። ያ አንዱ እንደ ሌሎቹ ፕላቲኒየም ሆኖ አይቀርም። ተራው ሲደርስ አንዲት ቅንጣት ይተፋና ሌላ ብረት ይሆናል። ተራው መቼ ይደርሳል? እሱማ አይቸኩልም! ከእነዚህ አቶሞች ግማሾቹ እስኪለወጡ ብዙ መቶ ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ፀሐይና በዙሪያዋ የሚዞሩት ዓለማት እንኳ ገና አራት ቢሊዮን ተኩል ዓመታቸው ነው።

እና ምን ይጠቅማል ትሉኝ ይሆናል። ከሰማይ የሚወድቁ የብረት ድንጋዮች አሉ፤ ምድራችን ስትበጅ አብረው የተበጁ ናቸው። በውስጣቸው ትንሽ ፕላቲኒየም አለ። ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ እንደተለወጠ ይለካል። ለውጡ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ካወቃችሁ፣ ድንጋዩ የተበጀበትን ዘመን ትደርሱበታላችሁ። ፍጥነቱን ከሳታችሁስ? የድንጋዮቹ ዕድሜ ሁሉ ይሳሳታል። እንግዲህ ስንዱ የምትለካው ያንን ፍጥነት ነው፤ በቀን አምስት፣ በቀን ስድስት እየቆጠረች።

የምትሠራው ተራራ ሆድ ውስጥ ነበር። ከሰማይ ያለማቋረጥ የሚወርድ ጨረር ስላለ፣ ገላጣ ቦታ ላይ ቢቆጠር የብረቱ የትኛው፣ የሰማዩ የትኛው እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ከብዙ ዓመት በፊት የተተወ የማዕድን ዋሻ አገኙ። ከዋሻው አፍ ሩብ ሰዓት በእግር ይገባል። እዚያ ጫፍ ላይ ከሽንኩርት ልጣጭ እጅግ የሳሳው ፕላቲኒየም መሣሪያው ውስጥ ተቀምጧል፤ ዙሪያውን በእርሳስ ጡብ ታጥሯል።

የመሣሪያው ጠባቂ ጋሽ ወንድይራድ ይባላል። በወጣትነቱ በዚያው ዋሻ ማዕድን የቆፈረ ሰው ነው፤ ኋላ በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ተቀጠረ። ኮምፒዩተሩ ቆጠራውን ራሱ ይመዘግባል። ጋሽ ወንድይራድ ግን በየጠዋቱ ገብቶ በእጁም ይጽፋል። መዝገቡን ብታዩት ደስ ይላችኋል፤ «ሰኞ፣ ዝናብ፣ አምስት። ማክሰኞ፣ ጉንፋን ይዞኛል፣ አራት። ረቡዕ፣ የልጄ ምርቃት፣ ሰባት!» ይላል። ሰባት ላይ ቃለ አጋኖ አድርጎበታል።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከአምስት ሺህ በላይ ተቆጠረ። ስንዱም ቁጭ ብላ ፍጥነቱን አሰላች።

ስሌቱን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ለምን? ፍጥነቱ ከዚህ በፊት ተለክቶ ነበራ! ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት የለኩት ደግሞ የገዛ መምህሯ ፕሮፌሰር ኃይለመለኮት ናቸው። ከእሳቸው ወዲህ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የሚመረምር ሁሉ የእሳቸውን ቁጥር ይዞ ነው የሚሠራው። ተማሪዎቻቸው «አባ ቁጥር» ይሏቸዋል። የስንዱ ልኬት ግን ከእሳቸው ቁጥር ጋር አልገጠመም። እሳቸው ካሉት ስምንት በመቶ ይፈጥናል።

ፕሮፌሰሩ ለስንዱ ምኗ እንደሆኑ ልንገራችሁ። ሁለተኛ ዓመት ሳለች ፈተና ወደቀችና ሻንጣዋን ሸክፋ ወደ አገሯ ልትመለስ አውቶቡስ ተሳፈረች። ፕሮፌሰሩ መናኸሪያ ድረስ ተከትለዋት ሄዱ። ሻንጣዋን ከአውቶቡሱ ጣሪያ አስወርደው፣ ራሳቸው ተሸክመው፣ እየተቆጡ መለሷት። ሠርጓ ላይ አባት ሆነው የቆሙት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ እኒህን ሰው «ተሳስተዋል» ልትል ነው? እናንተ ብትሆኑ ትሉ ነበር?

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለች፤ እንዲያ ማለት ቀለላት። ብረቱን እንደገና መዘነች። ስስነቱን እንደገና ለካች። መሣሪያውን ፈትታ ገጠመች። ቆጠራውም ቀጠለ። በዚህ ሌላ አንድ ዓመት አለፈ። ስህተት ጠፋ። ስህተት ሲጠፋ ያለቀሰ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሷ አልቅሳለች።

አንድ ጠዋት መዝገቡን አገላብጣ አገላብጣ ስታበቃ ጋሽ ወንድይራድን ጠራችው።

«ጋሽ ወንድይራድ፣ ክረምቶቹን እናውጣቸው።»

«ወዴት ነው የምናወጣቸው?»

«ከቆጠራው። ቁጥሩ ከፍ ከፍ ያለው ክረምት ላይ ነው። እርጥበት አለ፤ መብራቱም ይቆራረጣል። መሣሪያው ሳይረበሽ አይቀርም።»

«የእርጥበቱ መለኪያ ምን ይላል?»

«እሱማ… ደህና ነው ይላል።»

«መብራት ሲጠፋ ባትሪው አልያዘም?»

«ይዟል።»

«ታዲያ ክረምቱ ምን አጠፋ?»

መዝገቡን ወደ ክረምቱ ገጾች መልሳ ገለጠች።

«በጋ ላይ ሁለት ብቻ የቆጠርንባቸው ቀኖች ነበሩ» አለ ጋሽ ወንድይራድ። «እነሱንስ ታወጫቸዋለሽ?»

«እነሱ… እነሱ ይቆዩ።»

«አያ! እነሱ የሚቆዩት ፕሮፌሰሩን ስለሚያስደስቱ ነዋ!»

ሳቋ አመለጣት። ከሳቁ ኋላ ግን እንባዋ መጣ። «አባቴ ናቸው እኮ፣ ጋሽ ወንድይራድ። ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?»

ጋሽ ወንድይራድ የራስ ቁሩን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ስሚኝ ዶክተር። እዚህ ዋሻ ውስጥ ስንቆፍር ሕግ ነበረን። ምሰሶ ተሰንጥቆ ያየ ሰው ሮጦ ለአለቃው ይነግራል።»

«ምሰሶውን ያቆመው አለቃው ራሱ ቢሆንስ?»

«ያኔማ በጣም ነው የሚሮጠው! ማን ይሙት ብለሽ ነው ዝም የምትይው?»

ስንዱ እስክሪብቶዋን ከደነች። ከመዝገቡ ላይ አንድም ቀን አልሰረዘችም።

አልሰረዘችም፤ ግን አልተናገረችም። እንዲህ አይደለን? ከመዋሸት ተርፈን እውነቱን ለመናገር ወገባችን ይቆረጣል። ዛሬ ነገ ስትል ፕሮፌሰሩ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ሆነ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ታላቅ ግብዣ አሰናዱ። ያንን ቁጥራቸውን በእብነ በረድ ላይ አስቀረጹላቸው፤ እስከ መጨረሻዋ ዜሮ! የምስጋናውን ንግግር እንድታደርግ የተመረጠችው ደግሞ ማን መሰለቻችሁ? ስንዱ ናት።

ግብዣው ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እግሯን እየጎተተች ፕሮፌሰሩ ቤት ሄደች።

ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ቮልስዋገናቸውን ሲያጥቡ አገኘቻቸው።

«አንቺ! ዋሻሽ ዛሬ ለቀቀሽ?» ብለው ስፖንጅ ወረወሩላት። «በይ ያንን ጎማ ያዥ።»

ጎማውን ያዘች። አንዱን ጎማ አጠበች፤ ሁለተኛውን አጠበች። አፏ አልላቀቅ አለ።

«ንግግርሽን ልታነቢልኝ ነው የመጣሽው መሰለኝ» አሉ። «አንብቢ። ብዙ አታሞግሺኝ። ትንሽ ግን አሞግሺኝ።»

«ጋሼ…»

«አቤት።»

«ቁጥሩ ልክ አይደለም።»

«የቱ ቁጥር?»

«የእርስዎ።»

ፕሮፌሰሩ ቀጥ አሉ። ውኃው ከጎማ ቱቦው ጫማቸው ላይ ይፈሳል፤ አላወቁትም። ከዚያ ሄደው ቧንቧውን ዘጉ።

«በምን ያህል?»

«ስምንት በመቶ።»

«ወደየት?»

«ይፈጥናል። እርስዎ ካሉት ይፈጥናል። አራት ዓመት ሙሉ ቆጥሬዋለሁ። ሁሉንም ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ጋሼ፤ ስህተቴን አጣሁት።»

ቱቦውን መሬት ላይ ጥለው፣ እርጥብ እግራቸውን እየጎተቱ ቤት ገቡ።

ስንዱ ስፖንጁን እንደያዘች ቀረች። ወገኖቼ፣ በዚያች ሰዓት ልቧ ውስጥ የነበረውን ማን ይናገረዋል? አለቀ፣ አለች። ሄዱብኝ፣ አለች። ምናለ ክረምቱን በሰረዝኩት ኖሮ፣ አለች። ውሸት አልነግራችሁም፤ ይህንንም ብላለች።

ጥቂት ቆይቶ የፕሮፌሰሩ ባለቤት እትዬ የሺእመቤት በረንዳው ላይ ብቅ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ብትዪው ነው?»

«ምን ሆኑ?» ደነገጠች።

«አልጋ ሥር ገብቷል!»

እውነትም ገብተው ነበር። ሲወጡ ሽበታቸው ላይ የሸረሪት ድር ተንጠልጥሏል፤ በክንዳቸው በቃጫ ገመድ የታሰረ አሮጌ ካርቶን ታቅፈዋል። እርጥቡ ደረጃ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡና ገመዱን በጥርሳቸው መፍታት ጀመሩ።

«ነይ ተቀመጪ! ቁጥርሽን ንገሪኝ። ቀስ ብለሽ።»

ካርቶኑ ውስጥ ደብተሮች ነበሩ። ፕሮፌሰሩ ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ከሰማይ የወደቁ አሥራ አንድ የብረት ድንጋዮች መርምረው፣ በራሳቸው ቁጥር ዕድሜያቸውን አስልተው ነበር። የሁሉም ዕድሜ አምስት ቢሊዮን ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ተገኘ።

«ገባሽ?» አሏት። «ከፀሐይ የበለጠ ዕድሜ! ልጅ ከእናቱ ቀድሞ ሲወለድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ፤ ድንጋዮቹን ጠረጠርኩ። ተበላሽተዋል፣ ዝገት ገብቷቸዋል፣ አልኩ። አሥራ አንዱንም ድንጋይ ጠርጥሬ ስጨርስ ካርቶን ውስጥ ከትቼ አልጋ ሥር ወረወርኩት። ራሴን መጠርጠር ግን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አልመጣልኝም!»

ከዚያ ሁለቱ ደረጃው ላይ ተጠጋግተው ማስላት ያዙ። የመጀመሪያውን ድንጋይ በስንዱ ቁጥር አሰሉት፤ አራት ቢሊዮን ተኩል ከትንሽ። ሁለተኛውን አሰሉ፤ እዚያው። ሦስተኛው እዚያው። ፕሮፌሰሩ ድምፃቸው እየጨመረ ሄደ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸውን እየመቱ ይስቁ ነበር። አሥራ አንደኛው ላይ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ገጠሙ» አሉ። «ንጹሐን ነበሩ። ሃያ ስምንት ዓመት በሐሰት ከስሼያቸው ነበር።»

«ግን የእርስዎ ልኬት ላይ ምን ተፈጠረ?»

«ብረቴ ወፍራም ነበር። የዚያን ጊዜ እንደ አንቺ ስስ አድርጎ መሥራት አይቻልም ነበር። ከውስጥ የተነሡት ቅንጣቶች ሳይወጡ እዚያው መንገድ ላይ ይቀራሉ። እኔ የወጡትን ቆጥሬ፣ ያልወጡትን የሉም አልኩ።» ከዚያ ድንገት ዞር አሉባት። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

ስንዱ አንገቷን ደፋች። «ዓመት አልፎኛል።»

ያን ጊዜ ነው ፊታቸው የጠቆረው። «ዓመት?»

«ፈራሁ፣ ጋሼ። የሚያዝኑብኝ መሰለኝ።»

«ዓመት ሙሉ እንደተሳሳትኩ ተውሽኝ? ሰማንያ ዓመቴ ነው እኮ! ሞቼ ቢሆንስ? ይህንን ጠዋት ሳላየው ልሞትልሽ ነበር?»

ስንዱ አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «በይ ሁለት ጎማ ይቀርሻል» አሏት።

የግብዣው ዕለት አዳራሹ ሞላ። የእብነ በረዱ መጋረጃ ተገለጠ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ስንዱ ልትናገር ስትነሣ ፕሮፌሰሩ «ተቀመጪ፣ ተራው የእኔ ነው» ብለው በምርኩዛቸው ወደ መድረኩ ወጡ።

«ልጆቼ፣ ያንን ቁጥር አያችሁት?» አሉ። «ስህተት ነው።»

አንዳንዱ ሰው እርጅና ነው ብሎ አንገቱን ደፋ።

«እርጅና አይደለም፤ ስህተት ነው! ይህች ልጄ አራት ዓመት ዋሻ ውስጥ ተቀምጣ አርማኛለች። ጋሽ ወንድይራድ የሚባል ሰው አለ፤ የታለ? ተነሥ እስቲ! እሱ ደግሞ አንድም ቀን እንዳይሰረዝ ጠብቆልኛል። ለእነሱ አጨብጭቡ።»

ጋሽ ወንድይራድ በኋለኛው ወንበር ብድግ አለ። በሕይወቱ ተጨብጭቦለት ስለማያውቅ አብሮ አጨበጨበ።

ከአዘጋጆቹ አንዱ ተጨንቆ ወደ ፕሮፌሰሩ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ እብነ በረዱን ምን እናድርገው? ሌላ እናስቀርጽ?»

«ለምን ተብሎ? ከእኔ ቁጥር ላይ አንድ ጭረት አድርጉበት፤ እንዲነበብ ግን ተዉት። ከሥሩ የእሷን ጻፉ።» ከዚያ ጣታቸውን አነሡ። «ከእሷም ሥር ባዶ ቦታ ተዉ።»

«ባዶ ቦታ ለማን?»

«እሷን ለሚያርም ነዋ!»

ስንዱ ከሁሉ በላይ የሳቀችው ያኔ ነበር ይባላል።

ወገኖቼ፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ ወደ ራሴም ልምጣ።

ከሕይወታችሁ መዝገብ ልትሰርዙት የምትፈልጉት ክረምት አለ? ያልጣማችሁ ዘመን፣ ስሌታችሁን የሚያፈርስ ዘመን? እግዚአብሔር ግን ያንን ቀን ያውቀዋል። ዝናብ የነበረበትን ቀን፣ ሁለት ብቻ ያገኛችሁበትን ቀን፣ ማንም ያላየውን የልፋታችሁን ቀን ያውቀዋል። የደስታውን ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን ብትፍቁት፣ በቀረው የምታገኙት መልስ የራሳችሁ አይሆንም። ቀኑ ምን አጠፋ? ተዉት፤ ይቆጠር።

ደግሞ አልጋችሁ ሥር ምን አለ? አትሳቁ፤ አሁን እውነቴን ነው። ሕይወታችሁ አልገጥም ሲላችሁ ማንን ነው የጠረጠራችሁት? ሚስትን? ጎረቤትን? ልጆቻችሁን? የሥራ ባልደረባችሁን? አሥራ አንዱንም ድንጋይ ጠርጥራችሁ ጨርሳችሁ፣ አንድ ጊዜ «ምናልባት እኔ ብሆንስ?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሰው እንዲህ ብሎ በጠየቀ ዕለት አያንስም። እኒያ ሽማግሌ በሰማንያ ዓመታቸው እንደ ሕፃን የሳቁት ማዕረጋቸው ሲጨመር አልነበረም፤ ስህተታቸው ሲገኝ ነው።

አንተ እውነት ይዘህ የምትፈራ፣ ፍቅር መስሎህ ዝም ያልክ፣ ሂድና ንገራቸው። በትሕትና ንገራቸው፤ ቆጥረህ፣ ደግመህ ቆጥረህ፣ በመጀመሪያ ራስህን መርምረህ ንገራቸው። ብቻ ዓመት አትፍጅ። የምንወዳቸው ሰዎች ዕድሜ እንደ ፕላቲኒየም አይደለም።

እናንተም አባቶች፣ እናንተም እናቶች፣ መምህራንና አለቆች፣ እኔም አገልጋዩ ጭምር! አሁን በዚህች ሰዓት አንድ ሰው ደጃችን ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። አፉ አልላቀቅ ብሎታል። ፊታችንን እያየ ነው። «ተሳስተሃል» ሊለን መጥቶ፣ የምንቆጣ መስሎት ስለ አየሩ ያወራል፣ ስለ ልጆች ጤና ይጠይቃል፣ ሊመለስ ይነሣል።

አታስመልሱት። ወንበር ሳቡለትና «ምን ልትለኝ ነበር?» በሉት።